“የእኛ ሰው ናቸው” የተባሉት ሴናተር ምን ሠሩ?

ጥያቄው የመጣው ከምሥራቅ ቴክሳስ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

“የምንኖረው ታይለር አካባቢ ነው። ዜግነት ካገኘሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። የስቴት ሴናተራችን ብራያን ሂውዝ ይባላሉ። ቤተ ክርስቲያን የማከብራቸው አንድ ጋሼ ‘ወግ አጥባቂ ናቸው፣ ለፅንስ የቆሙ ናቸው፣ የእኛ ሰው ናቸው’ ይሉኛል። ኮሌጅ ያለው ልጄ ደግሞ ‘እማዬ፣ ድምፅ መስጠት ያከበዱት እኮ እሳቸው ናቸው’ ይለኛል። ሰውየው በእርግጥ ምን ሠሩ? ራሴስ እንዴት ላጣራ? እናቴ 71 ዓመቷ ነው። እንግሊዝኛ አታነብም። የምትመርጠው በፖስታ ነው። ይሄ ነገር እሷን ይነካታል?”

እህቴ፣ ጋሼም ልጅዎም እውነታቸውን ነው። ሁለቱም የሚናገሩት በአንድ ዓመት ስለወጡ ሁለት ሕጎች ነው። ሁለቱም ሕጎች የመጡት ከአንድ ሰው ጠረጴዛ ነው። ግን ሁለቱም የነገሩዎት ስለ ሰውየው አቋም እንጂ ስለ ሥራቸው አይደለም። የቴክሳስን ረቂቅ ሕግ ማንበብ ለዓመታት እንጀራዬ ስለሆነ ትንሽ ባረዝም ይታገሱኝ። ዓመቶቹን፣ ወራቱንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሰዓቱን ግን በእኛ።

መጀመሪያ አንድ ግራ መጋባት ላጥራ። ሂውዝ ዋሽንግተን የሚቀመጡ ሴናተር አይደሉም። የእሳቸው ወንበር ኦስቲን ነው። የቴክሳስ ሴኔት 31 መቀመጫ አለው። አንዱ ሴናተር ወደ 940,000 ሰው ይወክላል። ይሄ ዋሽንግተን ያለ አንድ የኮንግረስ አባል ከሚወክለው ይበልጣል። ደመወዛቸው ግን በዓመት 7,200 ዶላር ነው። አዎ፣ በወር 600። ስለዚህ ሁሉም ሌላ ሥራ አላቸው። ሂውዝ ጠበቃ ናቸው፤ ቤታቸው ማይኒዮላ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከ2003 ጀምሮ በታችኛው ምክር ቤት ነበሩ። በ2017 ወደ ሴኔት ገቡ።

ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው በሁለት ዓመት አንዴ ነው። ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት ጥር ላይ ይከፈታል። 140 ቀን ይሠራል፣ ይበተናል። ያልጨረሰውን ገዥው “ልዩ ስብሰባ” ብለው መልሰው ሊጠሩት ይችላሉ። የሴናተር ሥራ ታዲያ በጥቂት ወራት ውስጥ ታምቆ ይገኛል። ለአንባቢ ይሄ ትልቅ ዕድል ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ። የሕግ አውጪው ድረ ገጽ ነፃ ነው፣ ማንም ይገባል። ግን ሁለት ወጥመድ አለበት።

አንደኛው ቁጥሩ ነው። የሴኔት ረቂቅ ሁሉ “ኤስቢ” ተብሎ ቁጥር ይሰጠዋል። የታችኛው ምክር ቤት “ኤችቢ” ይባላል። ቁጥሩ በየስብሰባው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። በ2021 መደበኛ ስብሰባ ኤስቢ 1 ማለት የመንግሥት በጀት ነው። በዚያው ዓመት በሁለተኛው ልዩ ስብሰባ ኤስቢ 1 ማለት ደግሞ የምርጫ ሕጉ ነው። “ኤስቢ 1ን ደግፈዋል” ሲባል የትኛውን ብለው ይጠይቁ። ልጅዎ የሚያነሳው ሁለተኛውን ነው።

ቁጥሩ ሌላም ነገር ይናገራል። ዝቅተኛዎቹ ቁጥሮች ለምክትል ገዥው ቅድሚያ ጉዳዮች የተያዙ ናቸው። ቴክሳስ ውስጥ ሴኔቱን የሚመሩት ምክትል ገዥው ናቸው፤ አሁን ዳን ፓትሪክ። ረቂቁ ወደየትኛው ኮሚቴ እንደሚሄድ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። የኮሚቴ ሊቀ መናብርትንም የሚሾሙት እሳቸው ናቸው። የሂውዝን ትልልቅ ረቂቆች ቁጥር ይዩ፦ 8፣ 1፣ 7፣ 9፣ 12፣ 3። ይሄ የብቸኛ ታጋይ መዝገብ አይደለም። አለቃው ከባዱን ሸክም የሚያሸክሙት ሰው መዝገብ ነው። በ2021 የመንግሥት ጉዳዮች ኮሚቴን ሊቀ መንበርነትም ሰጥተዋቸዋል። የጦፈ ረቂቅ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በዚያ በር ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ስም ነው። አንድ ረቂቅ ላይ የአንድ ሴናተር ስም በተለያየ ምክንያት ይገኛል። “አመንጪ” ከሆነ ረቂቁ የራሱ ነው። “ተባባሪ አመንጪ” ከሆነ ብዙ ጊዜ ፊርማውን ብቻ ነው የጨመረው። አሥር ሰው፣ ሃያ ሰው ይፈርማል። ሦስተኛው ደግሞ ረቂቁ ከታችኛው ምክር ቤት ሲመጣ በሴኔት ተረክቦ የሚያሳልፈው ነው። ይህንን “ተረካቢ” እንበለው። ተረካቢነት ቀላል ሥራ አይደለም። ማሻሻያ ሲመጣ የሚመክተው፣ ጥያቄ ሲነሳ ቆሞ የሚመልሰው እሱ ነው። ስለዚህ የአንድን ሴናተር መዝገብ ሲያዩ አመንጪና ተረካቢ የሆነባቸውን ያንብቡ። የተባባሪነቱን ዝርዝር ይለፉት። በምርጫ ሰሞን በራሪ ወረቀት ላይ ግን የሚታተመው እሱ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። በ2021 ሂውዝ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ኤስቢ 12 አቀረቡ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በሰዎች አመለካከት ምክንያት ጽሑፋቸውን እንዳያነሱ የሚከለክል ነው። በሴኔት አለፈ፣ በታችኛው ምክር ቤት ሞተ። “ሳይሳካላቸው ቀረ” ብለው ሊዘጉት ይችላሉ። ግን ሐሳቡ በዚያው ዓመት በልዩ ስብሰባ ኤችቢ 20 ተብሎ መጣ። በሴኔት የተረከቡት ሂውዝ ናቸው። መስከረም ላይ ሕግ ሆነ። በአሜሪካ በወር ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ያላቸውን መድረኮች ነው የሚመለከተው። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ሐምሌ 2024 ላይ ጉዳዩ በደንብ አልተመረመረም ብሎ ወደ ታች መለሰው።

እንግዲህ ወደ ልጅዎ ነገር። የምርጫ ሕጉ ታሪክ ከ2021 አይጀምርም። በ2019 ሂውዝ ኤስቢ 9 የሚባል የምርጫ ረቂቅ ነበራቸው። ሴኔት አለፈ፣ ወዲያ ማዶ ሞተ። በ2020 ምርጫ ሂዩስተን ያለችበት ሃሪስ ካውንቲ አዲስ ነገር ሞከረ። ከመኪና ሳይወርዱ መምረጥ ፈቀደ። ለአንድ ሌሊት 24 ሰዓት የሚሠሩ ጣቢያዎችም ከፈተ። የሆስፒታል አዳሪ ሠራተኛው፣ የወደብ ሠራተኛው ሌሊት መረጠ። ሪፐብሊካኖቹ “ሕጉ ያላለውን ካውንቲ ከየት አምጥቶ ፈቀደ?” አሉ። ዴሞክራቶቹ “ብዙ ሰው መምረጡ ነው ያስከፋችሁ” አሉ።

በ2021 ሂውዝ ኤስቢ 7 ይዘው መጡ። ከረቂቁ ስሪቶች አንዱ የእሑድ ቅድመ ምርጫ (ከዋናው የምርጫ ቀን በፊት ባሉት ቀናት የሚሰጠው ድምፅ) ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት እንዳይጀመር ይላል። እዚህ ላይ የጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት ተቆጡ። ከአምልኮ ተነሥተው በአውቶብስ ወደ ጣቢያ መሄድ የቆየ ልማዳቸው ነው። ኋላ ከሪፐብሊካኑ ወገን አንዱ የአጻጻፍ ስህተት ነው አሉ። (የእኛ ቅዳሴና ማኅበር ሲያልቅ ስንት ሰዓት እንደሚሆን ለሚያውቅ ሰው ያ አንቀጽ ብዙም ባልጎዳን ነበር። ይሄ ቀልድ ነው።)

ግንቦት 30 ሌሊት ላይ የታችኛው ምክር ቤት ዴሞክራቶች ጥለው ወጡ። ምልዓተ ጉባኤ ጎደለ። የጊዜ ገደቡ እኩለ ሌሊት ነበር፤ ረቂቁ ሞተ። ገዥው ግሬግ አቦት ልዩ ስብሰባ ጠሩ። ዴሞክራቶቹ ሐምሌ 12 አውሮፕላን ተሳፍረው ዋሽንግተን ገቡ። ሌላ ልዩ ስብሰባ ተጠራ። በሴኔት ካሮል አልቫራዶ የሚባሉ የሂዩስተን ሴናተር ረቂቁን ለማዘግየት 15 ሰዓት ቆመው ተናገሩ። በደንቡ መቀመጥ የለም፣ መብላት የለም፣ መጠጣት የለም፣ ጠረጴዛ መደገፍ የለም፣ ሽንት ቤትም የለም። የሩጫ ጫማ አድርገው ነው የመጡት። ሲጨርሱ ሴኔቱ ድምፅ ሰጠና አለፈ። ታችኛው ምክር ቤትም ነሐሴ 31 አጸደቀው። ገዥው መስከረም 7 የፈረሙት የት ይመስልዎታል? እዚያው እናንተ ከተማ፣ ታይለር። የሂውዝ የምርጫ ወረዳ ውስጥ ማለት ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ከመኪና ሳይወርዱ መምረጥ ቀረ። መውረድ ለማይችል አካል ጉዳተኛና በሽተኛ ግን አሁንም ይፈቀዳል። የሌሊቱ ምርጫም ቀረ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 በሆነ ክልል ውስጥ ታጠረ። የፓርቲ ታዛቢዎች በጣቢያው ውስጥ እንደ ልብ እንዲንቀሳቀሱ ተፈቀደ። የሚያደናቅፋቸው አስመራጭ ወንጀል ፈጸመ ተባለ። በፖስታ ለሚመርጥ የመታወቂያ ቁጥር ግዴታ ሆነ።

ልጅዎ ያልነገረዎት ሌላ ገጽ ደግሞ አለ። በመጨረሻው የቅድመ ምርጫ ሳምንት ጣቢያ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ክፍት እንዲሆን የሚያስገድደው ደንብ በፊት ለትልልቅ ካውንቲዎች ብቻ ነበር። ኤስቢ 1 ወደ መካከለኞቹም አወረደው። 55,000 ሰው ያለው ካውንቲ አሁን ይገባበታል። አሠሪም ለቅድመ ምርጫ ፈቃድ እንዲሰጥ ተደረገ። የፖስታ ድምፁ እንከን ያለበት ሰው ደግሞ የሚያርምበት መንገድ ተከፈተለት። እኔ ሳነበው ሕጉ ሂዩስተንን ሲያጠብ አነስተኞቹን ካውንቲዎች ትንሽ አስፍቷል። ሂውዝ “መምረጥን ቀላል፣ ማጭበርበርን ከባድ ማድረግ” ይሉታል። የመጀመሪያው ግማሽ እንደሚኖሩበት ሰፈር ይለያያል።

በተለይ የመታወቂያ ቁጥሩ ነገር። በመጋቢት 2022 ሕጉ ለመጀመሪያ ጊዜ በስቴት ደረጃ ሲሞከር ከ24,000 በላይ የፖስታ ድምፅ ወደቀ። ከመጣው ወደ 12 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ በፊት 1 በመቶ አካባቢ ነበር። አብዛኛው የወደቀው ሰው አጭበርብሮ አይደለም፤ ቁጥሩን ሳይጽፍ ቀርቶ ነው። ወይም መዝገብ ላይ ያለው ሌላ ቁጥር ሆኖ ነው። በኅዳሩ ምርጫ ቅጹና ማስተማሩ ሲሻሻል ወደ 3 በመቶ ገደማ ወረደ። ለእናትዎ ይሄ ዋናው ስለሆነ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

አንድ ጉድ ደግሞ ልጨምር። ኤስቢ 1 በታችኛው ምክር ቤት ሲያልፍ አንድ ማሻሻያ ተጨመረበት። በሕገ ወጥ መንገድ የመረጠ ሰው ቅጣት ከከባድ ወንጀል ወደ ቀላል ወረደ። “ምርጫን አጠበቀ” የተባለው ሕግ ራሱ ቅጣቱን አቀለለው። በ2023 ሂውዝ ለመመለስ ኤስቢ 2ን አመጡ። ሕግ የሆነው ግን የታችኛው ምክር ቤት ተመሳሳይ ረቂቅ፣ ኤችቢ 1243 ነው። ከመስከረም 2023 ጀምሮ እንደገና ከ2 እስከ 20 ዓመት የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ሆኗል። ይህንን የማነሳው ለታሪክ ብቻ አይደለም። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ወገናችን መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሄዶ “ለመምረጥ ልመዝግብህ?” ሲባል እሺ ይላል። እሺ አይባልም! ዜግነት ሳይያዝ መምረጥ ቴክሳስ ውስጥ እስር ቤት፣ ከዚያም ከአገር መባረር ሊያመጣ ይችላል።

አሁን ወደ ጋሼ ነገር። ኤስቢ 8።

ይሄ ሕግ ከኦስቲን በፊት እናንተው አካባቢ ነው የበቀለው። ዋስኮም የምትባል በሉዊዚያና ድንበር ያለች የሁለት ሺህ ሰው ከተማ በ2019 በከተማ ደንብ ፅንስ ማቋረጥን ከለከለች። ክሊኒክ አልነበራትም። ሽሪቭፖርት የሚባለው የሉዊዚያና ከተማ ግን ቅርብ ነው፤ እዚያ ያለው ክሊኒክ ድንበር ተሻግሮ እንዳይመጣ ነው የፈሩት። ሐሳቡን ያመጣው የሎንግቪው ፓስተር ነው። “ከተማችን ተከስሳ ብትከስርስ?” ሲባል ሂውዝ ጋ ሄደ። ሂውዝ ደግሞ ጆናታን ሚቼልን አገናኙት። ሚቼል ቀድሞ የቴክሳስን መንግሥት በይግባኝ ክርክር የሚወክሉ ጠበቃ ነበሩ። ኤስቢ 8ንም ከሂውዝ ጋር የቀረጹት እሳቸው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፅንስ ማቋረጥን በመላ አሜሪካ መብት ያደረገውን የ1973ቱን ውሳኔ ገና አልሻረም። ማንኛውም ስቴት ፅንስ ማቋረጥን ቀደም ብሎ ከከለከለ ክሊኒኮቹ ሕጉን የሚያስፈጽመውን ባለሥልጣን ከስሰው ሕጉ ሳይጀምር ያሳግዱት ነበር። ኤስቢ 8 ባለሥልጣኑን ከመሃል አወጣ። የፅንስ የልብ ምት ከተሰማ በኋላ፣ ወደ 6 ሳምንት ገደማ መሆኑ ነው፣ ማቋረጥ ተከለከለ። ግን ፖሊስ አያስፈጽምም። ዐቃቤ ሕግ አያስፈጽምም። ማንም ግለሰብ ሐኪሙን ወይም የረዳውን ሰው በፍትሐ ብሔር ይከሳል። ካሸነፈ ቢያንስ 10,000 ዶላርና የጠበቃ ወጪውን ያገኛል። ሴትየዋ ራሷ አትከሰስም። ክሊኒኮቹ ታዲያ ማንን ይክሰሱ? ከ29 ሚሊዮን የቴክሳስ ሕዝብ የትኛውን?

መስከረም 1 ቀን 2021 ሕጉ ጀመረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ አላግድም አለ። በመጀመሪያው ወር በስቴቱ የሚደረገው ፅንስ ማቋረጥ በግማሽ ገደማ ወደቀ። አንድም ሰው ሳይፈረድበት ማለት ነው፤ ፍርሃቱ ብቻ በቃ። በዚያው ወር አንድ የሳን አንቶኒዮ ሐኪም “ሕጉን ጥሼ ሠርቻለሁ” ብሎ በጋዜጣ ጻፈ። የከሰሱት እነማን ሆኑ? ከአርካንሳስና ከኢሊኖይ የመጡ የቀድሞ ጠበቆች። የፅንስ ተቆርቋሪዎች እንኳን አልነበሩም። የሳን አንቶኒዮ ዳኛ በ2022 መጨረሻ በጉዳዩ ያልተጎዳ ሰው መክሰስ አይችልም ብሎ ዘጋው። ግን ያኔ ነገሩ አልፎ ነበር። በሰኔ 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1973ቱን ውሳኔ ሻረው። የቴክሳስ ሌላው፣ ሙሉ ክልከላው ሥራ ጀመረ።

የእኛ ሰው ይህን አሠራር ሲሰማ ብዙም አይገረምም። በድሮው ጊዜ “በሕግ አምላክ!” ያለውን ሰው መንገደኛው ቆሞ ይሰማው ነበር። አላፊ አግዳሚው ዳኛ ይሆን ነበር። ልዩነቱ ያኔ 10,000 ዶላር አልነበረበትም።

የሂውዝን መዝገብ ሳነብ ከሁሉ በላይ የሚታየኝ ይሄ ነው። ወግ አጥባቂ ሴናተር ሞልቷል። የእሳቸው ልዩ ፊርማ “ሕጉን ማን ያስፈጽም?” የሚለው መልስ ላይ ነው። በ2019 ይጀምሩ። የሳን አንቶኒዮ ከተማ ምክር ቤት ቺክፊሌ የተባለውን የዶሮ ምግብ ቤት ከአየር ማረፊያው ውል አወጣው፤ ምክንያቱ ኩባንያው የሚለግሳቸው የሃይማኖት ድርጅቶች ነበሩ። ሂውዝ ኤስቢ 1978ን አመጡ። መንግሥት አንድን ሰው ወይም ድርጅት ከሃይማኖት ተቋም ጋር ባለው ግንኙነት እንዳይቀጣ ይከለክላል። ተጎዳሁ የሚለው ራሱ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ኤችቢ 20ስ? ጽሑፉ የተነሳበት ተጠቃሚ ይከሳል። በ2025 የፅንስ ማቋረጫ እንክብል ወደ ቴክሳስ የሚልኩትን የሚመለከተው ኤችቢ 7 ወጣ። ግለሰብ ይከሳል፤ አሁን መነሻው 100,000 ዶላር ነው። በሴኔት የያዙት አሁንም ሂውዝ ናቸው። እያንዳንዱን ለብቻው ቢያዩት ስለ ዶሮ፣ ስለ ፌስቡክ፣ ስለ እንክብል ነው። አንድ ላይ ሲያዩት ዜጋውን ከሳሽ የሚያደርግ አንድ ብልሃት ነው።

ብልሃቱ ደግሞ የማንም ወገን አይደለም። በ2022 የካሊፎርኒያ ገዥ ጋቪን ኒውሰም በተወሰኑ የጦር መሣሪያዎች ላይ ተመሳሳይ ሕግ ፈረሙ። ግለሰብ ይከሳል፣ 10,000 ዶላር ያገኛል። ሆን ብለው ከቴክሳስ ቀድተውት ነው። ለዚህ ነው “የእኛ ሰው” የሚለውን ሚዛን የማልወደው። ዛሬ የወደዱት መሣሪያ ነገ በሌላ እጅ ይገባል። ያኔም ይወዱታል ወይ?

ኤስቢ 8 ላይ ከዴሞክራት ወገን ኤዲ ሉሲዮ ጁኒየር ደግፈው ድምፅ ሰጥተዋል። የድንበር አካባቢ ሴናተር፣ ፅንስ ማቋረጥን የሚቃወሙ ካቶሊክ ነበሩ። ፓርቲውን አይቶ ድምፁን መገመት ሁልጊዜ አይሠራም። ዳን ፓትሪክ ግን የመገመት ሥራ አልወደዱም። ድሮ ረቂቅ ወደ ሴኔት ወለል ለመድረስ ከ31ዱ 21 ድምፅ ይፈልግ ነበር። በ2015 ወደ 19 አወረዱት። በጥር 2021 ወደ 18። ሪፐብሊካኖቹ ያኔ ስንት ነበሩ? 18። ስለዚህ ከ2021 በኋላ “ሂውዝ ረቂቁን አሳለፉ” ሲባል ግማሹ ሙገሳ ለሒሳቡ ነው።

ጋሼ ምናልባት ያልሰሙት ክፍል ደግሞ በ2025 መጣ። ሙሉ ክልከላው ሥራ ላይ ሲውል የእናት ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ይፈቀዳል ይል ነበር። ግን ሐኪሞች አደጋው እስከ የት ሲደርስ እንደሚፈቀድ እርግጠኛ አልነበሩም። ቅጣቱ እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ነው። ሕክምና ዘግይቶባቸው የሞቱ ነፍሰ ጡሮች ታሪክ በጋዜጣ ወጣ። ሂውዝ ኤስቢ 31ን አመጡ። ሐኪሙ አደጋው እስኪደርስ መጠበቅ እንደሌለበት ይናገራል። ለሐኪሞችም ለጠበቆችም ሥልጠና ያዛል። ሴኔቱ ያለ አንድ ተቃውሞ አሳለፈው። መደፈርን ወይም ሌላ አዲስ ምክንያት ግን አልጨመረም። አንዳንዱ “ዘገየ” ይላል፣ ሌላው “በቂ አይደለም” ይላል። በእኔ ሚዛን ግን አንድ ሕግ አውጪ ራሱ የገነባው ቤት ሲያንጠባጥብ መሰላል ይዞ መምጣቱ መዝገብ ላይ የሚጻፍ ነገር ነው። ስንት ጊዜ እንዳንጠባጠበም አብሮ ይጻፍ።

ሌሎቹን በሩጫ ልለፋቸው። በ2021 ኤስቢ 3፣ በትምህርት ቤት ስለ ዘርና ስለ አከራካሪ ጉዳዮች የሚሰጠውን ትምህርት የገደበ። በ2023 ኤስቢ 12፣ ልጆች ባሉበት ወሲባዊ የሚባል ትርዒትን የሚከለክል። ሁለተኛውን ያኔውኑ የሂዩስተን ፌዴራል ዳኛ አገዱት፤ ክርክሩ ብዙ ተጎትቷል። (የ2021ዱ ኤስቢ 12 የማኅበራዊ ሚዲያው እንደነበር ልብ ይበሉ። ቁጥር ያሳስታል ያልኩት ለዚህ ነው።)

ራስዎ ሲያጣሩ የውጤት ሰሌዳ አይመኑ፤ ቢያንስ ብቻውን አይመኑት። ቴክሳስ ውስጥ ድርጅቶች ሴናተሮችን ከመቶ ነጥብ ይሰጣሉ። የፅንስ ድርጅቱ ለራሱ ጉዳይ፣ የግብር ድርጅቱ ለራሱ። ነጥቡ የሚሰላው ድርጅቱ ከመረጣቸው ድምፆች ነው። ይልቅ ድረ ገጹ ላይ አንድ ረቂቅ ይክፈቱና ሦስት ስሪቱን ይዩ፦ ሲቀርብ፣ ከመጀመሪያው ምክር ቤት ሲወጣ፣ ሲጸድቅ። በመካከል የተሰረዘው ብዙ ይናገራል። የእሑዱ አንቀጽ ያለው እዚያ ነው። የምርጫ ቅጣቱ መቅለልም እዚያው ነው። እንግሊዝኛው ከከበደዎት “የረቂቅ ትንታኔ” የሚለው ሰነድ አጭር ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አመንጪው ለምን እንዳመጣው ይናገራል። ከዚያ ልጅዎን አጠገብዎ ያስቀምጡትና አብራችሁ አንብቡት። ጋሼንም ቡና ይጥሩ።

አሁን እናትዎ። 65 ዓመት ስላለፋቸው ያለ ሌላ ምክንያት በፖስታ መምረጥ ይችላሉ። ማመልከቻው ላይም፣ የድምፁ ፖስታ ላይም የመንጃ ፈቃድ ወይም የስቴት መታወቂያ ቁጥር፣ ካልሆነ የሶሻል ሴኩሪቲያቸውን የመጨረሻ አራት አኃዝ ይጽፋሉ። ሕጉ አንዱ ይበቃል ይላል። እኔ ግን ሁለቱንም ይጻፉ እላለሁ። ምክንያቱም ቁጥሩ መራጭነት ሲመዘገቡ ከሰጡት ጋር መግጠም አለበት። የዛሬ ስንት ዓመት ቅጹን የሞላላቸው ሰው የትኛውን እንደጻፈ ማን ያስታውሳል? ሁለቱም ካሉ አንዱ ይገጥማል።

ሲረዷቸው ደግሞ ይጠንቀቁ። ቴክሳስ ውስጥ የምርጫ ወረቀት በአማርኛ አይታተምም። ፌዴራሉ ሕግ በትርጉም የሚያስገድዳቸው ስፓኒሽን፣ የእስያንና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ቋንቋዎች ብቻ ነው፤ የአፍሪካ ቋንቋ የለበትም። ግን ማንበብ የማይችል ሰው የመረጠውን ረዳት የመያዝ የፌዴራል መብት አለው። አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ብቻ አይሆኑም። ልጅ ይሆናል። በኤስቢ 1 ምክንያት እርስዎ ስምዎን፣ አድራሻዎን፣ ዝምድናዎን ይሞላሉ፣ ቃለ መሐላውንም ይፈርማሉ። በዚያ መሐላ ላይ ፍርድ ቤት ብዙ ተሟግቶበታል። ስለዚህ ሳይፈርሙ በየምርጫው የመጣውን ቅጽ ያንብቡ። የምርጫ ወረቀቱን ለእናትዎ ያንብቡላቸው፣ ያሉትን ምልክት ያድርጉ፣ “እማዬ ይሄኛው ይሻላል” ግን አይበሉ። እሱ በቡና ሰዓት ይባላል።

ፖስታውን ሲያሽጉ ክዳኑን መጀመሪያ ገልጠው ይዩ። የቁጥሩ ሳጥን ያለው ከክዳኑ ሥር ነው። በ2022 ብዙ አረጋውያን አላዩትም።